ሐዘኑ ተመልሶ ሲመጣ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላትን ልጅ ስለማሳደግ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች፤

እዚህ የቆምሁት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላት የ22 ዓመት ልጅ አባት በመሆኔ ነው። ሐኪምም የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለሁም። ከሕክምናና ከታሪክ የምጠቅሰው ሁሉ ልጄን ለመረዳት ስል ያነበብሁትና ባለሙያዎችን እየጠየቅሁ ያጣራሁት ነው፤ የቀረው በቤታችን የደረሰ ነው። ስለ እርሷ እንደምናገር ልጄ ታውቃለች። ልናገር ያሰብሁትን አንድ በአንድ ነግሬያት፣ ሁለቱን «እነሱን ተዋቸው አባዬ» ስላለችኝ ትቻቸዋለሁ። ይህን መጥቀሴ፣ ስለ ልጆቻችን በአደባባይ ስንናገር ታሪኩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ እኛ ወላጆች ብዙ ጊዜ ስለምንዘነጋ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ነገሩ ወደተነገረን ቀን ልመለስ። ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። ባለቤቴ ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ «ይህች ልጅ እንደ ወንድሟ አይደለችም» ስትል ቆይታለች። ወንድሟ በዚያ ዕድሜው ስሙ ሲጠራ ይዞር፣ የፈለገውን በጣቱ ያሳይ፣ ያየውን ሁሉ ይጠይቅ ነበር፤ እርሷ ግን ዘግይታ ተቀመጠች፣ ዘግይታ ቆመች፣ አንደበቷም አልተፈታም። የጠየቅናቸው ሁሉ «ልጅና ልጅ ይለያያል፣ ታገሡ» አሉን፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ወግኜ ባለቤቴን ጭንቀታም አደረግኋት። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ምርመራቸውን ጨርሰው፣ በሩ ላይ ቆመን ሌሎች ታካሚዎች በአጠገባችን እያለፉ ሳለ፣ «ከዚህች ልጅ ብዙ አትጠብቁ» አሉን። የልጄ ሁኔታ ምን እንደሚባል፣ በማግስቱ ምን ማድረግ እንደምንጀምር፣ ማንን ማማከር እንዳለብን የነገሩን ነገር የለም። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ክብደቷ ጠዋት ታቅፌያት ስወጣ የነበረው ያው ክብደት ነው፤ እኔ ግን የማላውቃት ልጅ ተሸክሜ የምመለስ መሰለኝ።

በዚህ አዳራሽ ለተገኛችሁ የጤና ባለሙያዎች በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ልመና አለኝ። እንዲህ ያለ ዜና የተነገረው ወላጅ ቃሉን፣ የተናጋሪውን ፊት፣ የክፍሉን ብርሃን ጭምር ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል። እናትና አባት ካሉ አብረው ተቀምጠው ይስሙት፤ ልጁም በክፍሉ ውስጥ ካለ በስሙ ይጠራ። ወላጅ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ከሰማ በኋላ የሚቀጥለውን ስለማይሰማ፣ በሌላ ቀን ተመልሶ የሚጠይቅበት ቀጠሮ ይሰጠው፤ ሲወጣም ነገ ጠዋት ሊጀምረው የሚችል አንድ ትንሽ ሥራ ይዞ ይውጣ። ይህ ሁሉ መድኃኒትም ሆነ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም።

ያን ቀን ያልተነገረንን በኋላ በየመጽሐፉ ፈልገን ያገኘነው እኛው ነን። አንድ ሰው የአእምሮ እድገት ውስንነት አለው የሚባለው የማሰብ፣ የመማርና ችግር የመፍታት ችሎታው ከእኩዮቹ በጉልህ ሲያንስ፣ ከዚህም ጋር ራስን በመንከባከብ፣ ከሰው በመግባባት፣ ጊዜንና ገንዘብን በመረዳት ረገድ በየዕለቱ ድጋፍ ሲያስፈልገው፣ ይህም ከልጅነቱ የጀመረ ሲሆን ነው። በአእምሮ ችሎታ መለኪያ ፈተና የሚገኝ ከ70 ገደማ በታች የሆነ ውጤት እንደ አንድ ምልክት ይወሰዳል። ሆኖም የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ካወጣው መመሪያ ወዲህ የውስንነቱ ደረጃ የሚለየው በዚህ ቁጥር ሳይሆን ሰውዬው በኑሮው በሚያከናውነውና በሚያስፈልገው ድጋፍ ነው። ውስንነቱ ካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቀላል የሚባለው ደረጃ ላይ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ተገቢው ድጋፍ ከተደረገላቸው ማንበብ፣ ሥራ መሥራትና ብዙውን የኑሯቸውን ክፍል ራሳቸው መምራት ይችላሉ። ሁኔታው የአእምሮ ሕመም አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ቢችሉም የተለያዩ ናቸው፤ እየተምታቱ ግን ስንት ልጅ የማይገባው መድኃኒት ውጧል።

ስለ ቃላትም ጥቂት ልበል፤ ለወላጅ ቃል ቀላል ነገር አይደለምና። «ዘገምተኛ» የሚለው ቃል በአንድ ወቅት የባለሙያ ቃል ነበር፤ ዛሬ ስድብ ሆኗል። «የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት» የሚሉ ቅን ሰዎችም ብዙ ናቸው። እኔ ግን «ያላት» ማለትን እመርጣለሁ፤ ዕዳ ነው ያለበት የሚባለው፣ በሽታ ነው ያለበት የሚባለው። ልጄ ዐይን አላት፣ ፀጉር አላት፣ ቁጣ አላት፣ ውስንነትም አላት። በአንዲት ፊደል ልዩነት ልጅ ሸክም ከመሆን ወደ ሰው መሆን ትሻገራለች ብዬ አምናለሁ።

አሁን ለመናገር ወደ መጣሁበት ዋና ነገር ልግባ። ነገሩ ከተነገረን በኋላ በነበሩት ዓመታት ዘመድም፣ ወዳጅም፣ ባለሙያም ደጋግሞ የሰጠን ምክር «ተቀበሉት» የሚል ነበር። የተመከርነው በቅንነት ነው፤ እኛም ተቀበልነው። ያላወቅነው መቀበል አንድ ቀን ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አለመሆኑን ነው። ልጄ ስድስት ዓመት ሲሆናት እኩዮቿ ቦርሳ አንግተው ትምህርት ቤት ሲገቡ ሐዘኑ ተመልሶ መጣ። ከእርሷ በሳምንት ልዩነት የተወለደች የጎረቤታችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ እንደገና መጣ፤ ያን ቀን እንኳን ደስ አላችሁ ብዬ፣ ከልቤም ደስ ብሎኝ፣ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስሁ። ከለቅሶው ይልቅ የከበደኝ ከእርሱ ጋር የመጣው ሐፍረት ነው። «እስካሁን አልተቀበልሃትም ማለት ነው፤ ልጅህን በሙሉ ልብህ አትወድም ማለት ነው» የሚል ድምፅ በውስጤ ነበረ።

ይህን ሐፍረት ያነሣልኝ ከብዙ ዓመታት በፊት የታተመ አንድ አጭር ጽሑፍ ነው። ሳይመን ኦልሻንስኪ የተባሉ አሜሪካዊ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1962 እንደጻፉት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው ልጆች ወላጆች አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ አብሯቸው የሚኖር፣ አንዳንዴ የሚደበዝዝ፣ አንዳንዴ የሚጠነክር ሐዘን አላቸው፤ ይህም ሕመም ሳይሆን ለሚኖሩበት ሁኔታ ተፈጥሯዊ የሆነ ምላሽ ነው። ኦልሻንስኪ ባለሙያዎችን የወቀሱትም ይህን ሐዘን እንደ በሽታ ቆጥረው ወላጁ ቶሎ «ተቀብሎ» እንዲጨርስ በመግፋታቸው ነው። ሞት ያስከተለው ሐዘን ቀን እየገፋ ይቀልላል፤ የእኛው ግን ልጃችን በአጠገባችን እያደገች፣ እየሳቀች፣ ዐዲስ ነገር እየተማረች ሳለ፣ ዓለም ለእኩዮቿ በምታዘጋጀው በያንዳንዱ በር ፊት እንደገና የሚቀሰቀስ ነው። ሐዘኑና ፍቅሩ ተራ በተራ የሚገቡ እንግዶች አይደሉም፤ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው የሚኖሩ ናቸው። እኔ በበኩሌ በፍቅሬ ላይ ጥርጣሬ ያቆምሁት ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነው።

ከሐዘን ቀጥሎ የሚመጣው ጥፋተኝነት ነው፤ ይህ ደግሞ በአብዛኛው የሚወድቀው በእናት ላይ ነው። ባለቤቴ በእርግዝናዋ ወቅት የበላችውን፣ የጠጣችውን፣ ያነሣችውን፣ የተቆጣችበትን ቀን ሁሉ ለዓመታት ስትቆጥር ኖራለች፤ ቆጠራውን የሚያግዟት ሰዎችም አልጠፉም። እውነቱ ግን መንስኤዎቹ እጅግ ብዙ መሆናቸው ነው፤ የክሮሞሶምና የጂን ለውጥ፣ በእርግዝና ጊዜ የሚከሰት የአዮዲን እጥረት ወይም ኢንፌክሽን፣ ጽንሱን የሚጎዳ አልኮል፣ በወሊድ ጊዜ የሚያጋጥም የኦክስጅን ማጣት፣ በሕፃንነት የሚይዝ ማጅራት ገትር ሁሉ ከእነዚህ መካከል ናቸው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 ዳውን ሲንድረም የተባለው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት የሚያስከትል ሁኔታ የሚመጣው ከ21ኛው ክሮሞሶም ተጨማሪ ቅጂ መሆኑን ሲያሳውቁ፣ ሳይንስ ከተጠቀመው በላይ ብዙ እናቶች ነጻ ወጥተዋል፤ ይህ ለውጥ በአብዛኛው ሴሎች ሲከፈሉ በአጋጣሚ የሚደርስ እንጂ አንዲት እናት ባደረገችው ወይም ባላደረገችው ነገር የሚመጣ አይደለምና። ብዙ ልጆች ግን ሁሉም ዓይነት ምርመራ ተደርጎላቸውም መንስኤው ሳይታወቅ ይቀራል። የእኔም ልጅ ከእነዚህ አንዷ ናት።

መንስኤ ፍለጋ ስንከራተት በነበረበት ጊዜ ብርታት የሆነችኝ የአንዲት ኖርዌያዊት እናት ታሪክ ናት። ቦርኒ ኤገላንድ ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ ሁለቱም ሲወለዱ ጤነኛ መስለው ከጊዜ በኋላ እድገታቸው ወደ ኋላ ቀረ። እናትየው አንድ ነገር አስተውለዋል፤ ልጆቹ ያልተለመደ ጠረን አላቸው። ሐኪም ከሐኪም እየዞሩ ይህን ሲናገሩ ከቁም ነገር የቆጠራቸው አልነበረም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1934 አስቢዮርን ፎሊንግ የተባሉ ሐኪምና የኬሚስትሪ ሰው ጥያቄውን ተቀብለው የልጆቹን ሽንት መረመሩ፤ ፌሪክ ክሎራይድ የተባለ ኬሚካል ሲጨምሩበት ከዚያ በፊት አይተውት ወደማያውቁት አረንጓዴ ቀለም ተለወጠ። ዛሬ ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለው፣ ሰውነት በፕሮቲን ውስጥ የሚገኝን አንድ ንጥረ ነገር ማብላላት ሲያቅተው አንጎልን የሚጎዳው ሁኔታ የታወቀው እንዲህ ነው።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሆርስት ቢክልና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም፣ ይህ ሁኔታ ላላት አንዲት ሕፃን ያ ንጥረ ነገር የተቀነሰበት ምግብ አዘጋጅተው በመስጠት ለውጥ አሳዩ፤ ለዚህም ያነሣሣቸው የሕፃኗ እናት ውትወታ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሮበርት ገትሪ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከአራስ ተረከዝ በተወሰደች ጠብታ ደም ሁኔታውን ገና ጉዳት ሳያደርስ መለየት የሚያስችለውን ምርመራ አገኙ። ገትሪም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለው ልጅ አባት ነበሩ፤ በቤተ ዘመዳቸው ውስጥም ፌኒልኬቶኑሪያ ያላት ሕፃን ነበረች። ዛሬ ምርመራው በሚደረግባቸው አገሮች ይህ ሁኔታ ያላቸው ልጆች የምግብ ሥርዓታቸው ተጠብቆ እንደ እኩዮቻቸው ያድጋሉ። መልሱ ለኤገላንድ ልጆች አልደረሰላቸውም። እኔ ግን አንዲት እናት «ልጆቼ የተለየ ጠረን አላቸው» በማለቷ ስንት ሕፃን እንደዳነ ባሰብሁ ቁጥር፣ አንድ ዓመት ሙሉ ባለቤቴን ጭንቀታም ያልሁበትን አፌን እወቅሰዋለሁ።

ወላጅ የሚያየውን ባለሙያ ሳያየው ሲቀር ምን እንደሚሆን እኛም ቀምሰነዋል። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ በድንገት የራሷን ጭንቅላት በመዳፏ መምታት ጀመረች። ወስደን ስናሳያት «ከሁኔታዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ያደርጉታል» ተባልን፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም ይህን ይዘን ተቀመጥን። በመጨረሻ ባለቤቴ ሁልጊዜ የምትመታው በቀኝ በኩል ብቻ መሆኑን አስተዋለች። ሌላ ሐኪም ጆሮዋን ከፍተው ሲያዩ መግል ይዞ ነበር። ሕመሟን በቃል መናገር ስላልቻለች በእጇ እየነገረችን ኖራለች። ስለዚህ የልጃችሁ ጠባይ በድንገት ሲለወጥ ከሁሉ በፊት ሕመም ፈልጉ፤ ጥርስ፣ ጆሮ፣ ሆድ ድርቀት፣ የወር አበባ ሕመም። ዳውን ሲንድረም ያላቸው ልጆች ደግሞ ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ስለሚወለዱ፣ የታይሮይድ፣ የዐይንና የጆሮ ችግርም ስለሚበዛባቸው ክትትላቸው መቋረጥ የለበትም።

ስለ ማስተማር ሳልናገር ብወርድ ባለቤቴ አትምረኝም፤ በቤታችን ትልቁ ደስታ የመጣው ከዚህ ነውና። ጃኬት መልበስ ለእኔ አንድ ሥራ ነበር፤ አንዲት የልዩ ፍላጎት መምህርት ግን በወረቀት ላይ በትንሹ አሥራ አንድ ሥራ መሆኑን አሳዩን፤ አንሥቶ ፊትና ጀርባውን መለየት፣ አንድ እጅን ማስገባት፣ በሌላው መያዝ፣ እያለ እስከ ዚፑ ይቀጥላል። ከዚያም «ከመጨረሻው ጀምሩ» አሉን። ዐሥሩን እኛ እናደርግላታለን፤ ዚፑን እስከ ደረቷ እንስብላታለን፤ የቀረውን የአንድ ጣት ርዝመት ብቻ እርሷ ትስበዋለች። ከመጀመሪያው ብንጀምር ኖሮ ልፋቱ የእርሷ፣ ፍጻሜው የእኛ ይሆን ነበር፤ ከመጨረሻው ስንጀምር ግን በየቀኑ ሥራውን የምትጨርሰው እርሷ ናት። ያቺን የአንድ ጣት ርዝመት ለመልመድ ሰባት ሳምንት ፈጀባት። ሙሉውን ለመልመድ አንድ ዓመት ከአራት ወር። አንድ ቀን ጠዋት ለሥራ ስወጣ ጃኬቷን ለብሳ፣ ዚፑን እስከ አገጯ ስባ፣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ወንድሟ በዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ተደስቻለሁ፤ ከዚያ ጠዋት ይበልጣል ብዬ ግን አልዋሽም።

ማስተማርን በተመለከተ የተሳሳትነውም አለ፤ ስሕተቱ አደገኛ ስለነበር እነግራችኋለሁ። ለዓመታት ለልጄ ያስተማርናት ከሁሉ ዋነኛ ነገር መታዘዝ ነበር። ተቀመጪ ስትባል ትቀመጣለች፣ ነዪ ስትባል ትመጣለች፣ ሳሚው ስትባል ትስማለች፤ ሰዎችም «እንዴት ጨዋ ልጅ ናት» ሲሉን ደስ ይለን ነበር። አንድ ቀን አንዲት አማካሪ «ለማን ነው የምትታዘዘው?» ብለው ሲጠይቁን፣ መልሱ «ለሁሉም» መሆኑን ተረዳን። የዓለም ጤና ድርጅት አስተባብሮት እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳመለከተው፣ የአእምሮ ሕመም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው ልጆች ለጾታዊ ጥቃት የመጋለጣቸው ዕድል አካል ጉዳት ከሌለባቸው ልጆች 4.6 እጥፍ ይበልጣል። ለሁሉም የሚታዘዝ ልጅ ለአጥቂም ይታዘዛል። ከዚያ ወዲህ የሰውነት ክፍሎችን ሁሉ በትክክለኛ ስማቸው፣ ማን መንካት እንደሚችልና እንደማይችል፣ ምስጢር ያዢ የሚልን ሰው ለእኛ መንገርን ማስተማር ጀመርን። ከሁሉ በላይ ደግሞ «እምቢ» ማለትን አስተማርናት፤ ለመማሩም እኛ ራሳችን እምቢታዋን መቀበል ነበረብን። ዘመድ ሳሚኝ ሲላት እምቢ ስትል ዘመድ ይቀየማል፤ ይቀየም።

ስለ አባቶች ልናገር። ከተነገረን ቀን በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ውስጥ ከሥራ ገበታዬ አልጠፋሁም፤ ምሽትም አመሽ ነበር። ለቤተሰቤ የምደክም ይመስለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን እሸሽ ነበር። ባለቤቴ ሐዘኗን በእንባና በቃል ታወጣው ነበር፤ እኔ ደግሞ ዝም በማለቴ ጠንካራ የሆንሁ መሰለኝ፤ እርሷ ግን ዝምታዬን ግድ የለሽነት አድርጋ ነው ያነበበችው። ትዳራችን ሊፈርስ የተቃረበው በልጃችን ምክንያት አልነበረም፤ አንዱ የሌላውን የሐዘን ቋንቋ ባለማወቁ ነው። የተመለስሁትም በምክር አይደለም። ባለቤቴ ታማ ተኝታ ሳለ ለዐሥር ቀን ያህል ልጄን ያበላሁት፣ ያጠብሁት፣ ያስተኛሁት እኔ ነበርሁ፤ በእነዚያ ቀናት ነው እንቅልፍ ሲመጣባት የቀኝ ጆሮዋን እንደምታሻሽ፣ ውኃ ሲንቆረቆር ስትሰማ እንደምትስቅ ያወቅሁት። አባቶች ሆይ፣ ልጁን የሚያስተዋውቃችሁ ከልጁ ጋር ብቻችሁን የምታሳልፉት ጊዜ ነው።

ወንድሟንም አልረሳውም፤ እኛ ግን ለረጅም ጊዜ ረስተነው ነበር። በትምህርቱ ጎበዝ፣ በጠባዩ ታዛዥ ስለነበር እርሱን የሚያሳስብ ነገር የሌለው አድርገን ቆጠርነው። ዐሥራ አንድ ዓመቱ ላይ አንድ ማታ «እናንተ ስትሞቱ እኔ ነኝ የማሳድጋት አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጥያቄ ስንት ሌሊት ብቻውን ይዞት እንዳደረ አላውቅም። «አይዞህ፣ አትጨነቅ» ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን የማይታመን መልስ መሆኑን ስላወቅሁ «ይህን የምናስበው እኔና እናትህ ነን፤ አንተ ወንድሟ ሁን፣ አባቷ አትሁን» አልሁት። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት የእርሱ ብቻ ሆነ።

ያን ማታ ወንድ ልጄ የጠየቀኝን ጥያቄ በዚህ አዳራሽ ያለ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። ቀድሞ ጥያቄው ብዙ ጊዜ አይነሣም ነበር፤ በአሜሪካ ዳውን ሲንድረም ያላቸው ሰዎች አማካይ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1983 ገደማ 25 ዓመት ያህል ነበር፤ ዛሬ 60 ያህል ደርሷል። ልጆቻችን ከእኛ በኋላ ይኖራሉ፤ ይህ ከሁሉ የላቀ የምሥራች ሆኖ ሳለ ሌሊት የሚያባንነን ነገርም እርሱ ነው። የፈረንሳዩ ጄኔራል ሻርል ደ ጎልና ባለቤታቸው ኢቮን፣ እ.ኤ.አ. በ1928 የተወለደችውንና ዳውን ሲንድረም የነበራትን ልጃቸውን አንን፣ እንዲህ ያሉ ልጆች ከቤት ርቀው እንዲኖሩ መስጠት የተለመደ በነበረበት ዘመን፣ ከራሳቸው ሳይለዩ አሳደጓት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላም የአእምሮ እድገት ውስንነት ላላቸው ሴቶች ልጆች መኖሪያ የሚሆን ተቋም በስሟ አቋቋሙ፤ ካሳሰቧቸው ነገሮች አንዱም ከእነርሱ በኋላ ማን ይይዛታል የሚለው ነበር። አን ግን እ.ኤ.አ. በ1948 በ20 ዓመቷ ከወላጆቿ ቀድማ ዐረፈች። ተቋሙ ለሌሎች ልጆች ቤት ሆኖ ቀጠለ።

ጄኔራል ያልሆነ ወላጅስ? እ.ኤ.አ. በ1946 ጁዲ ፍራይድ የተባሉ እንግሊዛዊት እናት፣ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እንደ እርሳቸው ያሉ ወላጆች እንዲጽፉላቸው በአንድ መጽሔት ላይ ደብዳቤ አወጡ፤ መልሱ በብዛት ጎረፈ፤ ከዚያም በአገሪቱ እስከ ዛሬ የሚሠራው የወላጆች ማኅበር ተወለደ። በየአገሩ ትምህርት ቤት የተከፈተው፣ ሕግ የተለወጠው በአብዛኛው እንዲህ በተገናኙ ወላጆች ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ልጅን በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከወላጁ መለየትን ይከለክላል፤ የመማር መብትን ያረጋግጣል፤ እነዚህ ሰዎች በሕግ ፊት እንደ ማንኛውም ሰው እንዲታዩ፣ ለመወሰንም የሚያስፈልጋቸው ድጋፍ እንዲሰጣቸው ያዝዛል። ይህን የምጠቅሰው ሕጉ ሁሉን ይፈጽማል ብዬ አይደለም። ወላጅ ደጅ ሲጠና የሚለምነው ችሮታን ሳይሆን መብትን መሆኑን እንዲያውቅ ነው። እኔም ከሌሎች ወላጆች ጋር ወር በወር መገናኘት ከጀመርሁ ወዲህ ሐዘኑ ሲመለስ የምደውልላቸው ሰዎች አሉኝ፤ ምክንያቱን አስረዳ አይሉኝም።

ከዚህ ማኅበራችን ካገኘኋቸው ልማዶች አንዱን ነግሬያችሁ ላብቃ። እያንዳንዳችን ስለ ልጃችን አንድ ደብተር እንጽፋለን፤ እኛ ነገ ብንታጣ ልጃችንን የሚረከብ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። መድኃኒቷና ሐኪሟ፣ ስትጨነቅ የሚያረጋጋት፣ ስትታመም የምታሳየው ምልክት፣ የምትወዳቸው ሰዎች፣ ራሷ የምትሠራውና ሰው ሊሠራላት የማይገባው ነገር ሁሉ ተጽፏል። የእኛ ደብተር አርባ ገጽ ያህል ሆኗል። ባለፈው ወር እኔና ባለቤቴ ስንጽፍ ልጄ አጠገባችን ተቀምጣ ነበር። ምን እንደምንጽፍ ጠየቀችን፤ ነገርናት። ጥቂት አሰበችና እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ፣ በትልልቅ ፊደላት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጅታ አንድ መስመር ጻፈች፦ «ስተኛ በሩን አትዝጉት።» ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት ስኖር በሩን ማታ ማታ የምዘጋው እኔ ነበርሁ።